ደሴ ሲወጣ ንባቡ የተለወጠው ሴንሰር እና የፕላዝሞን ጥያቄ

ጥያቄ፦ "ጋሼ፣ ኮምቦልቻ የኤሌክትሪካል ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ኤም ኪው 3 ሴንሰር ከአርዱዪኖ ሰሌዳ ጋር አገናኝቼ የአልኮል ትነት እለካለሁ። ኮምቦልቻ ዶርም ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ አብርቼ ካቆየሁት በኋላ ንጹህ አየር ላይ 180 ያነብ ነበር። ቅዳሜ ነቅዬ ደሴ ቤተሰብ ጋ ይዤው ወጣሁ። እንደደረስኩ ፓወር ባንክ ላይ ሰካሁት፣ ሦስት አራት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ 235 አነበበ። ቤት ውስጥ አልኮል የሚባል የለም፤ እናቴ ቡና እያፈላች ነበር እንጂ። ጓደኛዬ 'ከፍታ ስለሆነ ኦክስጅን አንሶ ነው' አለኝ። እኔ ደግሞ ሳነብ የኦክሳይድ ገጽ ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖች ባንድ ላይ ይወዛወዛሉ፣ ፕላዝሞን ይባላል የሚል አየሁ። ጋዙ ሲነካቸው የሚፈጠረው ይሄ ነው? በዚሁ ሴንሰር ፕላዝሞን ለክቼ የፕሮጀክቴ ርዕስ ባደርገውስ?"

መልስ፦ ፕላዝሞን አይደለም። ከፍታውም ቢሆን ዋናው ጥፋተኛ አይደለም። ጓደኛሽ ያለው ነገር ውስጥ እውነት አለ፤ ግን ትንሽ ናት። ሁሉንም በቁጥር እንየው።

መጀመሪያ 180 እና 235ን ወደ ሬዚስታንስ እንቀይር። አርዱዪኖው የሚያነበው ከሴንሰሩ ጋር በተከታታይ በተገናኘው ቋሚ ሬዚስተር ላይ ያለውን ቮልቴጅ ነው። ሙሉው ቮልቴጅ 1023 ተብሎ ይነበባል፤ ስለዚህ 1023ን ለንባቡ አካፍይና 1 ቀንሺ። የሚወጣው ቁጥር ሴንሰሩ የቋሚው ሬዚስተር ስንት እጥፍ እንደሆነ ይነግርሻል። ኮምቦልቻ 4.68 ነበር። ደሴ 3.35 ሆነ። ንባቡ ሲወጣ ሬዚስታንሱ ወርዷል ማለት ነው፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይገለብጠዋል። የወረደው 28 ከመቶ ነው። እንግዲህ ማብራሪያ የምንፈልገው ለዚህ 28 ከመቶ ነው።

ከሴንሰሩ ወንፊት ስር ያለው ቁስ ቲን ኦክሳይድ ነው፤ ቆርቆሮና ኦክስጅን። የተጋገረ ዱቄት ነው ማለት ይቻላል። ደቃቅ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተነካክተው ይቀመጣሉ፣ በመካከላቸው ቀዳዳ አለ፣ ከስር ማሞቂያ ሽቦ ወደ ሁለትና ሦስት መቶ ዲግሪ ያሞቃቸዋል። ቅንጣቷ ውስጥ ነጻ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ ብዛታቸው እንደ አሠራሩ ይለያያል፣ ለስሌታችን በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 10¹⁸ እንያዝ። ብዙ መስሎሽ እንዳይሸወድሽ። መዳብ ውስጥ 8.5 × 10²² ነው። ይህን ልዩነት ያዢው፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቅንጣቷ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ይነጥቃታል። ነጥቆም እዚያው ገጹ ላይ አሉታዊ ሆኖ ይለጠፋል። ከገጹ ስር ያለው ቦታ በዚህ የተነሳ ባዶ ይቀራል። በያዝነው እፍጋት ባዶው ንብርብር እስከ 25 ናኖ ሜትር ይደርሳል። አንቺ ያነበብሽው ጽሑፍ የኦክሳይድ ገጽ በኤሌክትሮን የተሞላ ባሕር አስመስሎ አቅርቦልሽ ይሆናል። ያንቺ ሴንሰር ተቃራኒው ነው፤ ገጹ ላይ ድርቅ ነው።

ኦክስጅኑም ቢሆን እንደልቡ አይለጠፍም። እያንዳንዱ የተለጠፈ ቀጣዩን ይገፋል። ስለዚህ በካሬ ሴንቲ ሜትር 10¹² ወይም 10¹³ ላይ ሲደርስ ያበቃለታል። ገጹ ላይ ያሉት የአቶም ቦታዎች ደግሞ ወደ 10¹⁵ ይጠጋሉ። ከመቶ አንዱን ቦታ ቢይዝ ነው። ያቺ ከመቶ አንድ ግን ሴንሰሩን በሙሉ ታዛለች። ለምን? ኤሌክትሮን ከአንዷ ቅንጣት ወደ ሌላዋ ሲሄድ በሁለቱ ባዶ ንብርብሮች በኩል ማለፍ አለበት፤ ያ ደግሞ ኮረብታ ነው። ኮረብታው በ0.1 ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ ነው) ብቻ ከፍ ቢል፣ 300 ዲግሪ ላይ የሚያልፈው ኤሌክትሮን ቁጥር 7 እጥፍ ተኩል ያንሳል። ጋዝ ሴንሰር የሚባለው ነገር ምስጢሩ በቃ ይሄው ነው።

አልኮል ሲመጣስ? "አልኮሉ ለገጹ ኤሌክትሮን ይሰጣል" ሲባል እሰማለሁ፤ እንዲያ ማለት ነገሩን ያምታታል። አልኮሉ ገጹ ላይ ካለው ኦክስጅን ጋር ይቃጠላል። ኦክስጅኑ ሲለቅ ነጥቆት የነበረው ኤሌክትሮን ወደ ቅንጣቷ ይመለሳል። አልኮሉ እዳ አስመላሽ ነው። አንድ የኢታኖል ሞለኪውል እስከ መጨረሻው ከተቃጠለ 6 የኦክስጅን አየኖችን (ኤሌክትሮን የነጠቁትን አቶሞች) ይዞ ይሄዳል፣ 6 ኤሌክትሮንም ይመለሳል። ኮረብታው ይወርዳል፣ ሬዚስታንሱ ይወርዳል፣ ንባብሽ ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድም እንዲሁ ያደርጋል፤ እሱ የሚመልሰው አንድ ብቻ ነው። ሴንሰሩ ማን እንደመለሰለት አያውቅም። በዳታሺቱ (ፋብሪካው በሚያወጣው መግለጫ) ላይ "የአልኮል ሴንሰር" ስለተባለ አልኮልን ብቻ የሚለይ አይምሰልሽ።

አሁን ወደ ከፍታው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ ስትወጪ ጆሮሽ የሚደፈነው ለዚህ ነው። የአየር ግፊቱ ከ81 ኪሎ ፓስካል ወደ 75 ይወርዳል። የኦክስጅን ድርሻ በሁለቱም ከተማ ያው 21 ከመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ኦክስጅኑ በ8 ከመቶ ይቀንሳል። የቲን ኦክሳይድ ሬዚስታንስ ደግሞ ኦክስጅኑን እኩል በእኩል አይከተልም። እንደ አየኑ ዓይነት በአራተኛ ስር ወይም በካሬ ስር ይከተላል። ስለዚህ 8 ከመቶ የኦክስጅን መቀነስ ሬዚስታንሱን የሚያወርደው ከ2 እስከ 4 ከመቶ ነው። አንቺ ያየሽው 28 ነው። ጓደኛሽ አቅጣጫውን አግኝቷል፣ መጠኑን ግን በብዙ እጥፍ ስቷል።

እግረ መንገዴን፣ ዳታሺቱ ላይ ያለው ኩርባ የተለካው እንደኛ ከፍታ ላይ አይደለም። ከባሕር ጠለል ጋር ስናወዳድር ደሴ ላይ የመነሻ ሬዚስታንሱ ከ7 እስከ 14 ከመቶ ዝቅ ሊል ይችላል። ከኢንተርኔት የተቀዳ ኮድ ላይ የመነሻው ቁጥር ተጽፎ ካገኘሽ አትጠቀሚበት። ራስሽ ለኪው።

እርጥበትስ? የውሃ ትነት የቲን ኦክሳይድን ሬዚስታንስ ያወርዳል፣ ይህ እውነት ነው። "ደሴ ጉም ነው፣ ስለዚህ እርጥበቱ ነው" ልትይ ትችያለሽ። ቀስ በይ። ጉም ማለት አየሩ ሊይዝ የሚችለውን ያህል ውሃ ይዟል ማለት እንጂ ብዙ ውሃ አለው ማለት አይደለም። 15 ዲግሪ ላይ 80 ከመቶ እርጥበት ያለው የደሴ ጠዋት 1.4 ኪሎ ፓስካል የሚሆን የውሃ ትነት ይይዛል። 25 ዲግሪ ላይ 50 ከመቶ ብቻ ያለው የኮምቦልቻ ከሰዓት ደግሞ 1.6። ከጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ወርዶ ከተማው ሲሸፈን እንኳ ሴንሰርሽ የሚያገኘው ውሃ ከኮምቦልቻው ሊያንስ ይችላል። የጋለው ገጽ የሚቆጥረው የሚደርስበትን የውሃ ሞለኪውል ነው። የእርጥበት መለኪያሽ ላይ ያለውን ከመቶ አይቆጥርም።

ታዲያ 28ቱ ከየት መጣ? ራስሽ ጥያቄው ውስጥ ጽፈሽዋል። ነቅለሽዋል፣ ተሸክመሽው ሄደሻል፣ ሰክተሽ አራት ደቂቃ ጠብቀሻል። ጠፍቶ የቆየ ቲን ኦክሳይድ ከአየሩ ውሃና ሌላም ሌላም ነገር ይሰበስባል። ሲበራ መጀመሪያ ሬዚስታንሱ በፍጥነት ይወርዳል፣ ጋዝ ኖረም አልኖረም። ከዚያ ገጹ እየጸዳና ኦክስጅኑ እየተደላደለ ሲሄድ ቀስ እያለ ይወጣል። አንቺ ያነበብሽው መንገድ ላይ ሳለ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ግን ሁለት ቀን የጋለ ሴንሰር ነበር ያነበብሽው። ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፓወር ባንኩ ነው። ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ላይ 5 ቮልቱ 4.7 ሆኖ ቢደርስ የማሞቂያው ኃይል በ12 ከመቶ ይቀንሳል፤ ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚሄድ። ገጹ ይቀዘቅዛል። አርዱዪኖው ግን ምንም አይነግርሽም። ማነጻጸሪያው ያው የወረደው ቮልቴጅ ነውና በስሌቱ ውስጥ መውረዱ ይጣፋል። ንባቡ ጤነኛ ይመስላል፣ ማሞቂያው ግን ታሟል። መልቲ ሜትር አምጪና የማሞቂያው እግሮች ላይ በቀጥታ ለኪ። ይህን ሳትለኪ የተጻፈ የትኛውም ንባብ ለእኔ ንባብ አይደለም።

ሦስተኛው የእናትሽ ቡና ነው። ቡናው ራሱ ሳይሆን ከሰሉ። የከሰል ምድጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ከላይ እንዳልኩት እሱም ኤሌክትሮን ያስመልሳል። ዕጣንም ካለ ጭሱ ይጨመርበታል። "ንጹህ አየር" ያልሽው ንጹህ አልነበረም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማንም ሰው በዚህ ሴንሰር ተማምኖ በከሰል ጭስ የታፈነ ክፍል ውስጥ እንዳያድር። ከሰልና ሌላውን አይለይም፣ ቁጥሩም ለሕይወት የሚታመን አይደለም። መስኮቱን ክፈቱ።

ወደ ፕላዝሞኑ እንሂድ። ያምታታሽ "ባንድ ላይ" የሚለው ቃል ይመስለኛል። ሴንሰርሽ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛሉ፣ ግን ይህ ተራ ከረንት ነው። የገበያ ቀን ሰው በጠባብ በር ሲወጣ አስቢው። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ ግን እያንዳንዱ ለራሱ ነው። ፕላዝሞን ሌላ ነገር ነው። የኤሌክትሮኖቹ መንጋ በሙሉ ትንሽ ወደ ጎን ሲሸሽ ከኋላው አዎንታዊ አየኖችን ገልጦ ይተዋል። እነዚያ ይስቡታል። ይመለሳል፣ አልፎም ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፣ እንደገና ይሳባል። መንዙማ ላይ ሰዉ ሲወዛወዝ ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ እዚያ ድቤው ምቱን ይሰጣል፤ እዚህ ግን ድቤ መቺ የለም። ምቱን የሚወስነው የመንጋው እፍጋት ራሱ ነው። የበለጠ ከታጨቁ የሚስባቸው ኃይል ይበረታል፣ ውዝዋዜው ይፈጥናል።

እፍጋቱ ሲታወቅ ፍጥነቱን ማስላት ቀላል ነው፤ የእፍጋቱን ካሬ ስር ይከተላል። ፍጥነቱን በኃይል እንገልጸዋለን፤ ባዶ ቦታ ላይ 10¹⁸ ኤሌክትሮን በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 37 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል። በቲን ኦክሳይድ ውስጥ የኤሌክትሮኑን ውጤታማ ክብደት 0.3፣ የቁሱን የብርሃን ምላሽ 4 አድርገን ስናስተካክለው 34 ይሆናል። እሺ፣ አለ እንበል። አሁን ግን ውዝዋዜው ስንት ጊዜ ይዘልቃል? የተቦረቦረ ንጣፍ ውስጥ ኤሌክትሮን ቶሎ ቶሎ ይጋጫል። ሞቢሊቲውን (ኤሌክትሮኑ በቁሱ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጓዝ) በለጋስነት 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር በቮልት ሴኮንድ ብንለው፣ በግጭት ምክንያት የሚመጣው ስፋት፣ ማለትም የግጭቱ ፍጥነት በኃይል ሲገለጽ፣ ወደ 390 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይጠጋል። ከራሱ ከውዝዋዜው ከ10 እጥፍ በላይ ማለት ነው። አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ይሞታል። ሁለት ሰው እጁን ይዞ ጭቃ ውስጥ ሲራመድ እስክስታ እንደማይባለው ማለት ነው። ያንቺ ሴንሰር ፕላዝሞን አያሳይም። የተሻለ ኮድ ወይም የተሻለ አምፕሊፋየር ይህን አይለውጠውም።

የገጽ ፕላዝሞን የሚባለው ግን በእርግጥ አለ። ሪቺ የተባለ ተመራማሪ በ1957 እ.ኤ.አ. በስሌት አሳየው፣ ፓውልና ስዋን በ1959 በአሉሚኒየም ላይ አዩት። አሉሚኒየም ውስጡ ወደ 15 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ይወዛወዛል። ገጹ ላይ ግን ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚሳብ ያ ቁጥር ለሁለት ካሬ ስር ተካፍሎ 10 ገደማ ይሆናል። ኦክሳይዶች ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፤ አቶሞቹም ይወዛወዛሉና። ፉክስና ክሊወር በ1965 የጨው መሰል ክሪስታሎች ገጽ የራሱ የአቶም ውዝዋዜ እንዳለው ጻፉ። ኢባክ በ1970 ቀርፋፋ ኤሌክትሮኖችን ዚንክ ኦክሳይድ ላይ እያንጸባረቀ ይህንኑ 69 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ አገኘው። የኤሌክትሮኖቹ ውዝዋዜ ኃይል ከዚህ የአቶሞች ውዝዋዜ ጋር ሲቀራረብ ሁለቱ ይጣመራሉ፣ ለብቻ ለብቻ መጥራትም ይከብዳል። እኔ ከዚህ ዘርፍ ሁሉ ውብ የምለው ይህን ክፍል ነው። ለፕሮጀክትሽ ግን አይሆንም።

ያነበብሽው በኤሌክትሮን የተሞላ ገጽም ውሸት አይደለም። ዚንክ ኦክሳይድ ላይ ሃይድሮጂን ሲለጠፍ ገጹ እንደ ብረት እንደሚሆን በ2005 ታትሟል። ስትሮንሺየም ቲታኔት ገጽ ላይ ስስ የኤሌክትሮን ንጣፍ እንዳለ በ2011 ታይቷል። ግን እነዚህ የተሠሩት እጅግ ከፍተኛ ቫኪዩም ውስጥ ነው፣ ከአንድ ሚሊ ባር ቢሊዮንኛ በታች በሆነ ግፊት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ግፊቱ የአንድ ሚሊ ባር ሚሊዮንኛ ቢሆን እንኳ ንጹህ ገጽ በሴኮንዶች ውስጥ በጋዝ ይሸፈናል። በደሴ አየር ውስጥ በናኖ ሴኮንዶች። ያንቺ ሴንሰር የሚሠራው ገጹ ስለሚቆሽሽ ነው። የነሱ ሙከራ የሚሠራው ገጹ ስለማይቆሽሽ ነው።

ተስፋ ላስቆርጥሽ ግን አልፈልግም። ይህንኑ ቲን ኦክሳይድ ሌላ መልክ ይዞ ልታገኚው ትችያለሽ። ጥቂት ፍሎሪን ሲጨመርበት፣ ፍሎሪኑ በኦክስጅን ቦታ ገብቶ አንድ ኤሌክትሮን ይለቃል። እፍጋቱ ወደ 5 × 10²⁰ ይደርሳል። ያንን ቀመር ድገሚው፦ 0.76 ኤሌክትሮን ቮልት፣ በብርሃን ሞገድ ርዝመት 1.6 ማይክሮ ሜትር። ሞቢሊቲው 30 ቢሆን የግጭቱ ስፋት 0.13 ነው። አሁን ውዝዋዜው ይዘልቃል። ቁሱ ያው ነው፣ የተለወጠው የኤሌክትሮኖቹ ብዛትና የንጣፉ ጥራት ነው። የፀሐይ ሴል የሚያጠኑ ሰዎች ኤፍ ቲ ኦ መስታወት የሚሉት ይህ ነው። አንዳንድ ሙቀት ቆጣቢ የመስኮት መስታወቶች ላይም የሚቀባው እሱ ነው። በዓይን ሲያዩት ተራ መስታወት ነው። ኃይሉ ከዚያ ከ0.76 ወሰን በታች ለሆነ፣ ማለትም ሞገዱ ለረዘመ ኢንፍራሬድ ግን እንደ ብረት ነው፣ ያንጸባርቃል።

ይህን በቤት ዕቃ ማየት ይቻላል። ሁለት ቁራጭ ያስፈልግሻል። በመልቲ ሜትር የተቀባውን ፊት ለይው፤ ጥቂት አስር ኦም የሚያሳየው እሱ ነው፣ ሌላው ፊት ምንም አያሳይም። ከዚያ የቴሌቪዥን ሪሞት በመስታወቱ ውስጥ ወደ ስልክሽ ካሜራ ጠቁሚ። መብራቱ ይታያል። የሪሞቱ ብርሃን 0.94 ማይክሮ ሜትር ነው፣ በኃይል ከወሰኑ በላይ፤ መንጋው ሊከተለው ስለማይደርስ ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ሁለቱን ቁራጮች የፈላ ውሃ ድስት ላይ በተቀመጠ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አኑሪ፣ አንዱን ቅቡ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች። 70 ዲግሪ ደርሰው እንበል። ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ጠቁሚ፤ እሱ የሚያየው ከ8 እስከ 14 ማይክሮ ሜትር ነው። ባዶው ፊት ከእውነተኛው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብሎ ያነባል። የተቀባው ግን 30 ዲግሪ አካባቢ ይላል፣ ሙቀቱ ያው ሆኖ ሳለ። ጥሩ የሚያንጸባርቅ ገጽ መጥፎ ጨረር አውጪ ነውና። በዚህ የኤሌክትሮኖቹ ወሰን በሞገድ ርዝመት ከ0.94 በላይ፣ ከ8 ማይክሮ ሜትር በታች የሆነ ቦታ እንዳለ በእጅሽ አረጋገጥሽ ማለት ነው። ፕላዝሞኑን አላየሽውም፤ ግን ጥላውን አይተሻል። ወሰኑን ራሱን ለማየት ከ1 እስከ 2.5 ማይክሮ ሜትር የሚለካ ስፔክትሮሜትር ይጠይቃል።

ጥንቃቄዎቹ ጥቂት ናቸው። የሰው ግንባር የሚለካው ቴርሞሜትር አይሠራም፤ ቁጥሩን ወደ ሰውነት ሙቀት ስለሚያስተካክለው የፋብሪካ ዓይነቱን ፈልጊ። ፊት ለፊት ቀጥ ብለሽ አትቁሚ። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ንባቡ ሲዋዥቅብኝ ግማሽ ሰዓት መሣሪያውን ስረግም ቆየሁ። ለካ መስታወቱ የራሴን ፊት ሙቀት ነበር የሚመልስልኝ። ኤፍ ቲ ኦ ካላገኘሽ ከተሰበረ የንክኪ ስክሪን የሚገኘው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ይሞከራል፣ ግን ቅቡ ስስ ስለሆነ ልዩነቱ ያንሳል። ስባሪውን ያለ ጓንት አትንኪ። ስለ ኤም ኪው 3ም አንድ ነገር፦ ሲሊኮን ያለበት የፀጉር ቅባት ወይም ስፕሬይ አጠገቡ አይነፋ። ገጹን ለዘለቄታው ይደፍነዋል፤ ዶርም ውስጥ ስለምትሠሪ ነው የምነግርሽ።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ፕላዝሞን የሚለውን ቃል ከርዕስሽ አውጪ። አማካሪሽ ባያየው ፈታኙ ያየዋል፣ መከላከያም የለሽም። በምትኩ የጀመርሽውን የኮምቦልቻና የደሴ ልኬት በአግባቡ ጨርሺው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ተማሪዎች ከዳታሺት ቀድተው ያልፉታል እንጂ አይለኩትም። ሴንሰሩ 48 ሰዓት ይሙቅ። ከዚያ ሳትነቅዪው ይዘሽው ውጪ። ማሞቂያው ወደ 150 ሚሊ አምፔር ነው የሚፈጀው፤ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ አርዱዪኖውን ጨምሮ ከአንድ ቀን በላይ ይችላል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ይበቃሻል። መብራት ቢጠፋም አይነካሽም። ወፍራም አጭር ገመድ ተጠቀሚ። ግፊት፣ ሙቀትና እርጥበት ባንድ ላይ የሚለካውን ቢ ኤም ኢ 280 ጨምሪበት፣ በየደቂቃው ከማሞቂያው ቮልቴጅ ጋር ይመዝገብ። ንባቡን ሁልጊዜ ወደ ሬዚስታንስ ቀይሪው፤ አልኮል ስትለኪ ደግሞ እዚያው ቦታ ንጹህ አየር ላይ ለለካሽው አካፍይው። ደሴ ስትደርሺ ግቢ ውስጥ፣ ከከሰሉ ርቀሽ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አንብቢ። በማግስቱ ተመልሰሽ ኮምቦልቻ ላይ ድገሚው። ወደ መነሻው ካልተመለሰ ያየሽው የሴንሰሩን መንሸራተት ነው፣ የከፍታን ውጤት አይደለም።

እንደ ስሌቱ ከሆነ የሚቀርሽ ልዩነት ከ2 እስከ 4 ከመቶ ነው። ይህ ትንሽ ነው፣ በአንድ ጉዞ አይታመንም። ቢያንስ ሦስት ሴንሰር፣ ቢያንስ አምስት ምልልስ። ኤፍ ቲ ኦ መስታወቱን ደግሞ እንደ አንድ ምዕራፍ ልታስገቢው ትችያለሽ፣ ቁሱ አንድ ነውና። እዚያ ውስጥ ስለ ፕላዝሞን የፈለግሽውን ያህል ጻፊ።